ከውጭ የሚመጣ የቤተ ክርስቲያን ቡድን ጅማ ላይ እንዴት ይስተናገድ? ከመጀመሪያው ኢሜይል እስከ ስድስተኛው ወር ሪፖርት

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ እህት ቤተ ክርስቲያን ኢሜይል ይመጣል። «በሐምሌ ወር 12 ሰዎች ሆነን እንመጣለን። ድሆችን ማገልገል እንፈልጋለን። ምን ብንሠራ ይሻላል?» ይላል። ሽማግሌዎች ደስ ይላቸዋል። ኳየሩ አዲስ ልብስ ስለማሰፋት ማውራት ይጀምራል። መልሱም በማግስቱ ይላካል፦ «እንኳን ደህና መጣችሁ! ጌታ የመራችሁን ሥሩ።»

መልሱ ጨዋ ነው። ጣጣው ግን ከዚሁ ይጀምራል። ሥራህን ምረጥ የተባለ እንግዳ የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል፤ የቀለም ብሩሽ፣ የልጆች ኳስ፣ ሻንጣ ሙሉ ያገለገለ ልብስ። አዌቱ ወንዝ ዳር ተከራይተው የሚኖሩትን እማማ የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ። ኪራያቸውን ማን እንደሚከፍል፣ የልጅ ልጃቸው ለምን ትምህርት እንዳቋረጠ እንግዳው ከየት ያውቃል? ስለዚህ ሥራውን የሚመርጠው ተቀባዩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ይነሳል።

መጀመሪያ ኮሚቴ፣ ከዚያ መልስ

አምስት ሰው ይበቃል። በጎ አድራጎት ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት እናት፣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ ሒሳብ የሚያውቅ፣ አንድ ኦሮምኛ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው፣ አንድ ደግሞ ከወጣቶች። እንግሊዝኛ የሚችለውን ሰው ብቻ መርጣችሁ ሁሉን ነገር አታሸክሙት። እሱ ከታመመ ወይም ከተኳረፈ ጉዳዩ ሁሉ አብሮት ይቆማል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ስለ እንግዶቹ ባታወሩ ጥሩ ነው። ስለ ራሳችሁ አውሩ። ማንም ሳይመጣ ዓመቱን ሙሉ ምን እንሠራለን? አረጋውያንን እንጠይቃለን? ማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን? ሆስፒታል ላይ ወገን ለሌለው ታማሚ ምግብ እናደርሳለን? እንግዳው የሚገባው እዚህ ሥራ ውስጥ ነው። አዲስ ነገር ከተባለ ደግሞ ከጎኑ አንድ ስም ጻፉ፦ ቡድኑ ሲሄድ ይህን የሚቀጥለው ማነው? ስም ካልተገኘ ሐሳቡን ሰርዙት። ቆንጆ ሐሳብ ቢሆንም ሰርዙት።

ወሩ ላይ ተደራደሩ

የእነሱ ረጅም ዕረፍት የሚውለው እኛ ክረምት ስንገባ ነው። ጅማ ሲዘንብ ደግሞ ቀልድ የለም። ወደ ዴዶ ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ የገጠር ቀበሌዎች የሚያስገባው መንገድ ይጨቀያል፤ መኪና ይያዛል፤ ግማሽ ቀን በመግፋት ያልቃል። ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። «ተማሪዎችን በክፍላቸው እናገኛለን» ብሎ በነሐሴ የመጣ ቡድን ባዶ ወንበር ነው የሚጠብቀው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ የቡና ለቀማ ነው። በማና፣ በጎማና በሊሙ አካባቢ ሰው ሁሉ ቡና ውስጥ ነው። ያኔ ገበሬን ለሥልጠና መጥራት ከጉሮሮው መንጠቅ ነው። ከክረምቱ ማግስት ወባም ይበረታል።

እኔን ብትጠይቁኝ ከጥምቀት በኋላ ያሉትን ሳምንታት እመርጣለሁ። ደረቅ ነው፤ መንገዱ ይነዳል፤ ለቀማው አልቋል። ረመዳን መቼ እንደሚውል ግን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ አምና ያያችሁበት ቀን ለዘንድሮ አይሠራም። ጎረቤት ሁሉ እየጾመ አደባባይ ላይ 12 ሰው ምሳ ሲበላ አያምርም። የኦርቶዶክስ አጽዋማትንም ዕዩ፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት አዝዞ እንግዳ መጋበዝ ለሰፈሩ ሌላ ነገር ይናገራል።

ተማሪዎች ስለሆኑ ከሐምሌ ውጭ አንችልም ካሉ ሥራውን ከተማ ውስጥ አድርጉት። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ለዚህ ይመቻል። ገጠሩን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ምን ይሥሩ? ምን አይሥሩ?

ከቀለም ልጀምር፤ ሁሉም ቡድን ቀለም መቀባት ይወዳልና። ጅማ ውስጥ ቀለም ቀቢ ሞልቷል። ብዙዎቹ ጠዋት ወጥተው ሥራ ሲጠብቁ ውለው ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ ግድግዳ ሲለቀልቅ፣ ባለሙያው በር ላይ ቆሞ ያያል። ግድግዳው በእርግጥ ቀለም ካስፈለገው ቀቢውን በሙሉ ዋጋው ቅጠሩት። ሁለት እንግዶች ረዳት ሆነው ይሥሩለት፤ ባልዲ ያቀብሉ፣ ወለል ይጥረጉ። አለቃው እሱ ይሁን። ከጭውውቱም የሚያተርፉት ይበልጣል።

የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝትን በትሕትና እምቢ በሉ። ሕፃኑ ሳምንት ሙሉ ከሚያቅፈው ሰው ጋር ይላመዳል፤ ሰውየው ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይመጣል። ልጅ ወስደን እናሳድግ የሚሉም አይጠፉም። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ የከለከለችው በጥር 2010 መሆኑን ገና በኢሜይል ንገሯቸው፤ እዚህ ደርሰው ልጅ ፊት እንዳያነሱት። በዚህ ፈንታ የልጅ ልጆቿን ለምታሳድግ አያት የጣራ ቆርቆሮ፣ ዩኒፎርም ወይም የስድስት ወር ኪራይ ይሸፍኑ። ልጁ ቤተሰቡ ውስጥ ይቀራል።

የሕክምና አገልግሎት ከሁሉም ከባዱ ነው። ሐኪም ስለሆኑ ብቻ ድንኳን ተክለው ማከም አይችሉም። የውጭ የጤና ባለሙያ እዚህ ለመሥራት ከጤና ተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የትምህርትና የሙያ ማስረጃ አስቀድሞ መላክን ይጠይቃል። ፈቃዱ ቢገኝም ጥያቄው አያልቅም። የደም ግፊት የተገኘባት እናት የአንድ ወር ኪኒን ተሰጥቷት ትሄዳለች። በሁለተኛው ወርስ? ስለዚህ በሰፈሩ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ካልሆነ አትጀምሩ። ካርዱ የጤና ጣቢያው ይሁን፤ ክትትሉም እዚያ ይቀጥል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አትርሱ፤ የትኛው ቤት ውስጥ አልጋ የያዘ እንዳለ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስፔሻሊስት ከመጣ ደግሞ ቦታው ድንኳን አይደለም። ጅማ ሕክምና ማዕከል የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ እዚያ ከሐኪሞቻችን ጋር ጎን ለጎን የሠራ ሰው እውቀቱን ትቶ ይሄዳል።

አነስ ያለ ግን ብዙ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ሲንጀሩ ፊት የተቀመጠ የ50 ዓመት ልብስ ሰፊ አስቡ። ክሩን በምላሱ ያረጥባል። መርፌውን ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያርቃል፣ ክንዱ እስኪያልቅ ያርቃል። ክሩ ቀዳዳውን ስቶ ይታጠፋል። በመጨረሻ አንድ ልጅ ጠርቶ ያስከታል። ይህ ሰው የሚያስፈልገው +1.50 ወይም +2.00 የማንበቢያ መነፅር ነው። ዓይኑን የሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ባለሙያ ይየው፤ ሌላ ችግር ሊኖር ይችላልና። መነፅሩን ግን ከውጭ አታስመጡ። እዚሁ ከተማ ከሚሸጠው ግዙለት፤ ሲሰበር የት እንደሚያገኘው ያውቃል፤ ነጋዴውም ይሸጣል።

ሥልጠና ከተባለ ርዕሱን ሠልጣኞቹ ይምረጡ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎቻችሁን ሰብስባችሁ «ምን ይከብዳችኋል?» በሏቸው። ምናልባት «አንድ ክፍል ውስጥ 80 ልጅ አለ፤ ዝም ማሰኘት አቃተን» ይሏችሁ ይሆናል። ለ15 ልጅ የተዘጋጀ ባለቀለም መጽሐፍ ለእነሱ ምንም አይፈይድም።

ደብዳቤና ፈቃድ

ቪዛውን አስቀድሙ። የኢትዮጵያ ኢ-ቪዛ በኢንተርኔት ይሞላል፤ የቱሪስት ቪዛ ግን ለጉብኝት እንጂ ለሥራ አይደለም። የሚሠሩትን በግልጽ ጽፋችሁ የትኛው ዓይነት ቪዛ እንደሚያስፈልግ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ጠይቁ። የጥሪ ደብዳቤው አዲስ አበባ ካለው የቤተ እምነታችሁ ዋና ጽሕፈት ቤት ቢወጣ ይሻላል። «ዝም ብለው ቱሪስት ነን ይበሉ» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አትስሙ። ቦሌ ላይ ሻንጣ ሙሉ መድኃኒት የያዘ ቱሪስት ምን ብሎ ያስረዳል?

ጅማ ላይ ለከተማ አስተዳደሩ፣ ለፀጥታ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለምትሄዱበት ወረዳና ቀበሌ ደብዳቤ ይግባ። የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ስለሆነ ደብዳቤውን በኦሮምኛ ጻፉት። በአማርኛ ጽፎ «ተርጉማችሁ ኑ» ተብሎ መመላለስ ለምን? ስንት ሰው፣ ከየት፣ ከስንት እስከ ስንት ቀን፣ ምን ሊሠራ፣ የት ሊያድር፤ ይኸው ነው። ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ አንድ ሰው ሁልጊዜ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ።

ሻንጣው

መድኃኒት በሻንጣ አይመጣም። ለራሳቸው ከሚወስዱት በቀር የሚገባው በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት እርዳታ ያወጣው መመሪያ አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው መሆን አለበት ይላል፤ ተቀባዩ የጠየቀው መሆን እንዳለበትም ይላል። ሊያልፍበት ሁለት ወር የቀረው ቫይታሚን እርዳታ አይደለም፤ የማስወገድ ጣጣ ነው። የሚያስፈልገውን መድኃኒት ዝርዝር ከጤና ጣቢያው ተቀብላችሁ እዚሁ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ይቀላል።

ድሮን እንዳያመጡ አስጠንቅቋቸው። ያለ ፈቃድ ከመጣ ቦሌ ላይ ይያዛል፤ ቆንጆው የመጀመሪያ ቀን በጉምሩክ ክርክር ያልቃል።

ስጦታ ላይ አንድ ሕግ ይኑራችሁ፦ እንግዳ በእጁ ለማንም ምንም አይሰጥም። ከረሜላ እንኳ። ሻንጣ ግቢ ውስጥ ሲከፈት አስቡት። መጀመሪያ አምስት ልጅ ይመጣል። በአሥር ደቂቃ ስልሳ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይገፋሉ፤ አንዷ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ያልደረሳቸው እናቶች አጥር ላይ ቆመው ያያሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ «የእነ እገሌ ቤተ ክርስቲያን ለወገኑ ነው የሚሰጠው» ይባላል። ያለው ሁሉ ለበጎ አድራጎት ክፍሉ ይግባ፤ በመዝገብ ይመዝገብ፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በዝርዝሩ መሠረት ቤት ለቤት ይድረስ።

ገንዘብ

ስለ ገንዘብ ማውራት እናፍራለን፤ በኋላ ግን የምንጣላው በእሱ ነው። ሁለት በጀት ይኑር። አንደኛው የቡድኑ ወጪ፦ መኪና፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ አስተርጓሚ፣ ሹፌር። ይህን ሙሉ በሙሉ እነሱ ይሸፍኑ። ምእመናን ተበድረው ፈረንጅ ማብላት የለባቸውም። ሁለተኛው የሥራው ገንዘብ ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉ።

ገንዘቡ በባንክ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሒሳብ ይግባ፤ በሦስት ፊርማ ይውጣ። በግለሰብ ሒሳብ አይሆንም፤ የታመነ ሰው ቢሆንም። ይልቁንም የታመነ ሰው ከሆነ ስሙን ለምን ለሐሜት ታጋልጡታላችሁ? ጥሬ ዶላር ይዘው ከመጡ ባንክ ይመንዝሩት፤ ጥቁር ገበያ የሚወስድ «ዘመድ» ቢመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ ለምሳሌ የባጃጅ፣ በወጪ ማስመስከሪያ ወረቀት ላይ ተፈርሞበት ይያዝ።

መንገድ፣ ማደሪያ፣ ምግብ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሊሶ፣ በወልቂጤ፣ ግቤን ተሻግሮ። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ። ሌሊቱን ሙሉ በረው የመጡ ሰዎችን ቀጥታ ኮስትር ላይ አትጫኑ። በመኪና ከሆነ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደሩ፤ በጠዋት ይነሱ፤ ሳይመሽ ይግቡ። የመንገዱን ፀጥታ በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ የወር በፊት ወሬ አይሠራም።

ማደሪያው ሆቴል ወይም የእንግዳ ማረፊያ ይሁን። ሮቶ መኖሩን፣ ጄኔሬተር መኖሩን፣ አጎበር መኖሩን ሄዳችሁ በዓይናችሁ ዕዩ። ውሃም መብራትም ይጠፋል፤ አስቀድመው ከሰሙት አይደነግጡም። ጅማ ከ1,700 ሜትር ጥቂት ከፍ ብትልም የወባ ቀጠና ናት። መከላከያ ኪኒኑን በአገራቸው ሐኪም ምክር ጀምረው ይምጡ፤ የጉዞ ጤና ኢንሹራንስም ይግቡ።

ምግብ ላይ የሚያማቸው አብዛኛውን ጊዜ ሰላጣና ውሃ ነው፤ በርበሬውን ይለምዱታል። የታሸገ ሃይላንድ በካርቶን ግዙ። የበሰለና ትኩስ ነገር ስጡ። ክትፎውን ለብለብ እንኳ አታድርጉ፤ በደንብ ይብሰል። ቤት ለቤት ቡና መጋበዝ ደስ ይላል፤ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቤት ብታዞሯቸው፣ አቦል፣ ቶናና በረካ በየቤቱ፣ ዘጠኝ ስኒ ነው። የጅማ ቡና ነው። ሌሊቱን ኮርኒስ ሲቆጥሩ ያድራሉ። በቀን አንድ ቤት ይበቃል።

የፕሮግራም ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «2 ሰዓት» ብላችሁ ጠዋቱን ሙሉ የጠበቃችኋቸው ሰዎች ከምሳ በኋላ ቢመጡ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

አስተርጓሚና ጠባይ

ከከተማው ጥቂት ወጣ ካላችሁ አማርኛ አይበቃም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የሚሄድ ንግግር ሦስት እጥፍ ጊዜ ይበላል፤ መሐል ላይ የሚንጠባጠበውም ብዙ ነው። ከእንግሊዝኛ ቀጥታ ወደ ኦሮምኛ የሚተረጉም ሰው ፈልጉ። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አይጠፋም። ክፈሉት። «ለጌታ ነው» ብላችሁ ተማሪ አታሠሩ። እንግዶቹም «አካም ጅርቱ» እና «ገላቶማ» ብለው ይምጡ፤ ሁለት ቃል ብዙ በር ይከፍታል።

በጅማ ዙሪያ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከተማው ውስጥም ሙስሊሙ ብዙ ነው። ቡድኑ ከሄደ በኋላም እናንተ ከዚሁ ጎረቤት ጋር ትኖራላችሁ፤ በለቅሶ ትገናኛላችሁ፤ በእድር አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ እርዳታና ስብከት አንድ ሰልፍ ላይ አይዋሉ። ዱቄት ለመቀበል የመጣን ሰው መጀመሪያ ስብከት ስማ ማለት እምነት መግዛት ይመስላል፤ ለወንጌልም ክብር አይደለም። እርዳታው ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ ሳይል በችግሩ መጠን ይድረስ። ማን እንደሚቸገር ለመለየት የእድሩን ሽማግሌዎችና የቀበሌውን ሰዎች አማክሩ። እንግዶቹ ስለ እምነታቸው ከተጠየቁ ይመልሱ፤ ሳይጠየቁ ገበያ ላይ ወረቀት አይበትኑ።

አለባበስ፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ሴት እጇን ካልዘረጋች ወንዱ እጅ አይዘርጋ፤ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ሰላም ይበል።

ፎቶ

ሳይጠየቅ አይነሳም። ታማሚ ጭራሽ አይነሳም። የልጅ ፎቶ በወላጅ ፈቃድ፣ ያለ ስምና ያለ ሰፈር። ወታደር፣ ድልድይና ኬላ አካባቢ ስልክ ኪስ ይግባ። እንግዳው አገሩ ላይ የድሃ እናቱን ፎቶ ማንም አንስቶ ፌስቡክ ላይ ቢለጥፍበት ደስ ይለው እንደሆነ ጠይቁት፤ ይገባዋል።

የመጨረሻው ምሽትና ከዚያ በኋላ

በመሸኛው ዋዜማ ከራቱ በፊት አንድ ሰዓት ተቀመጡ። እያንዳንዱ እንግዳ ለማን ምን ቃል እንደገባ ይናገር። «ስልክ እልክልሃለሁ» ያለ ይኖራል። «ኮሌጅሽን እከፍላለሁ» ያለ ይኖራል። ለአንድ ወጣት «አሜሪካ እወስድሃለሁ» ያለም ይኖራል። ሁሉን ጻፉት። የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን በኩል፣ በቀን ተወስኖ ይሁን። የማይፈጸመውን ተናጋሪው ራሱ ሄዶ ነገ ጠዋት ይንገር። ይህን ካላደረጋችሁ ያ ወጣት ዓመቱን ሙሉ የእናንተ ቢሮ በር ላይ ነው የሚቆመው።

በወሩ ውስጥ የሒሳብ ሪፖርት ይላክ፤ ከደረሰኝ ፎቶዎች ጋር። ይኸው ሪፖርት በአማርኛና በኦሮምኛ ለምእመናኑም ይነበብ። በስድስተኛው ወር ሁለተኛ ሪፖርት ይጻፍ፦ የትኛው ሥራ ቀጠለ፣ የትኛው ቆመ፣ ለምን ቆመ። የቆመውን አትደብቁ። እውነቱን የነገራችሁት ወዳጅ በሚቀጥለው ጊዜ የተሻለ ጥያቄ ይጠይቃል።

እንደገና እንምጣ ካሉ ቁጥሩን አሳንሱ፣ ጊዜውን አስረዝሙ። አራት ሰው ሆነው ሦስት ሳምንት ቢቆዩ አንድ መኪና ይበቃቸዋል፤ አስተርጓሚውም ይተርፋቸዋል። የተረፈው የትኬት ገንዘብ ወደ ሥራው በጀት ይዙር። ደብዳቤዎቹን፣ የኦሮምኛውን ኮፒ፣ የሆቴሉንና የሹፌሩን ዋጋ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀጣዩ ኮሚቴ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።